ምርቃቱ በማን ስም ይሁን?

ባጃጅ ሐዋሳን እንደ አንበጣ በወረረበት ዘመን፣ ታናሽ ወንድሜ ሐይቁ ውስጥ ዳግመኛ ተጠመቀ፤ በኢየሱስ ስም ብቻ። ከዚያን ቀን ወዲህ «ሥላሴ የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ይለናል። በቀን ሺህ ጊዜ ይለዋል፤ ቀንሼ ነው።

አባባ አናጢ ነበሩ፤ በወንጌል ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ልጆቻቸውን ለፈተናም ለመንገድም ሲሸኙ የሚመርቁት በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ነው።

ወንድሜ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነገሩ ፈነዳ። ሙሽራ ከቤት ሳይወጣ የአባቱን ጉልበት ስሞ ይመረቃል፤ «አሜን» ይላል። እሱ ግን «በሦስት ስም ከመረቁኝ አሜን አልልም፤ ሕሊናዬ አይፈቅድም» አለ። አባባም «አሜን የማይባልበት ምርቃት የለኝም። እንዲሁ ይሂድ» አሉ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ከእሳቸው ሌላ የሚመርቀው አልነበረም።

የቤቱ ቀልደኛ መሆኔ እየታወቀ ሽምግልናው እኔ ላይ ወደቀ። እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ ወንድሜ ወደተከራየበት ክፍል ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቃሉን አሳየኝና ዛሬውኑ አሜን እላለሁ።»

«አንተ እኮ ‹ደን› የሚል ታፔላ ካልተሰቀለበት፣ ደን መሀል ቆመህም ደኑ የታለ ትላለህ!»

አልሳቀም። «ደን ብዙ ዛፍ ነው፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ግን አንድ ነው።»

 ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስገልጥ ሰነበትኩ። እውነቱን ለመናገር ወንድሜ አልዋሸም፤ ቃሉ የለም። ሐዋርያት በኢየሱስ ስም አጠመቁ ያለውም ተጽፏል። ነገር ግን ዮርዳኖስ ላይ ወልድ ውሃው ውስጥ ነው፣ መንፈስ ይወርዳል፣ ከሰማይ ድምፅ ይመጣል። ይህን ደግሞ ምን ላድርገው? ለቀልድ የጀመርኩት ንባብ እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ማብቂያ ላይ፣ ሦስቱም በአንድ ምርቃት ተጠርተው አገኘኋቸው።

«በዚህ ይመርቁት» ብዬ ለአባባ አነበብኩላቸው። መላጊያውን አስቀመጡ።

«ወልድን ከአብ አስቀደመ!»

«ያስቀደመው ጳውሎስ ነው፤ ከእሱ ጋር ይነጋገሩ።»

መላጊያውን መልሰው አነሡ። «እሺ። ግን አንዲት ቃል አልቀንስም።»

ወንድሜም ደጋግሞ አነበበው። «ይሄ እኮ ሦስት አካል አይልም።»

«አሜን ትላለህ ወይስ አትልም?»

«እንጃ። ሲደርስ ይታያል።»

የሠርጉ ዕለት የመኪናው ጥሩምባ ሰፈሩን ያናጋል፤ ሙታን የሚያስነሣ ነበር። ወንድሜ ከነሱፉ ተንበረከከ። አባባ የሻከረ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ የጌታን የኢየሱስ ክርስቶስን ጸጋ፣ የእግዚአብሔርን ፍቅር ተመኙለት። «የመንፈስ ቅዱስም ኅብረት» ብለው፣ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ጨረሱት። 

ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። ወንድሜ ብቻ ዝም። ሚዜው ሰዓቱን አየ። አባባም ጠበቁ፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀልድ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

«አሜን» አለ በመጨረሻ፤ ፊቱ ጉልበታቸው ላይ ስለነበር በጭንቅ ተሰማ።

«አሁንም ተሳስተሃል» አሉት አባባ።

«እርስዎም» አላቸው።

መኪናው ደጅ ይጮኻል። እሱ አልተነሣም፤ እሳቸውም እጃቸውን አላነሡም።