ባለአደራው ጁነይድና የመርሳ የይለፍ ቃሎች

መርሳ ላይ፣ ማንጎና ሽንኩርት ከሚራገፍበት አስፋልት ዳር፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በበሯ ላይ የተጻፈውን ያነበበ መንገደኛ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ደረስኩ ብሎ ቆቡን ቢያወልቅ አይፈረድበትም፦ ኢንተርኔት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ ካርድ፣ ማመልከቻ፣ ትርጉም «እና ሌሎችም»። ውስጥ ያለው ግን አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ ጁነይድ ነው።

ጁነይድ በኮምፒውተር ዲፕሎማ አለው። ዲፕሎማውን መስታወት አልብሶ ከራሱ በላይ ሰቅሎታል፤ አቧራውን በየጠዋቱ ይወለውላል። ከተመረቀ ወዲህ ግን አንዳች ነገር አልተማረም። ለምን ብሎ ይማራል? ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ለማለት የማያውቁት አገር ድረስ ይሄዳል፤ ጁነይድ ግን በተወለደበት ቀበሌ ተነጥፎለታል።

ያነጠፈለት ሕዝብ ደግሞ ከሱ የባሰ ነው። ነጻ ወጥተሃል፣ መረጃ በእጅህ ነው፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው እየተባለ በየስብሰባው የተጨበጨበለት ሕዝብ የገዛ ኢሜይሉን መክፈት አይችልም። ባለጉዳዩ ይመጣል፤ ጁነይድ ኢሜይል ያወጣለታል፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ይፈጥርለታል። የኢንተርኔት መክፈቻው፣ ብራውዘሩ፣ «ላስቀምጠው?» ሲል «አስቀምጥ» ይለዋል። ማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅም የራሱን ቁጥር ይሞላል። እዚህ ላይ «ቃሉን ጽፌ ልስጥህ?» ቢል ባለጉዳዩ ይቆጣል።

«ምን ማለትህ ነው? አንተን ሳላምን ነው እዚህ የመጣሁት? አንተው ጋ ይቀመጥ እንጂ!»

መርሳ ውስጥ የይለፍ ቃሌን ስጠኝ ማለት ሌባ ነህ ብሎ መሳደብ ነው። ስለዚህ የግማሽ ከተማ ሰው ምስጢር አደራ ተብሎ ጁነይድ ዘንድ ተቀመጠ፤ ጁነይድም በተራው አደራውን ለብራውዘሩ ሰጥቶ ረሳው። አንዱንም ቃል በቃሉ አያውቅም። «ብራውዘሩ ያውቃል» ይላል፤ ልክ ሰነፍ ሹም «ጸሐፊዋ ታውቃለች» እንደሚለው።

በ2017 ሰኔ ላይ መብራቱ ሲመላለስ ሰንብቶ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ሆኖ መጣና ሄደ። ጠዋት ጁነይድ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ማሽኑ ቀኑን ስቷል፤ ውስጡ ያለችው ሰዓት አስታዋሽ ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ጥግ ላይ የሚታየው ዓመት ጁነይድ ገና ተማሪ የነበረበት ነው። ሳቀበት። ከዚያም እንደ ኩሩ ዜጋ፣ ዓመቱን 2017፣ ወሩን አስረኛ፣ ሰዓቱንም ከግድግዳው ሰዓት አይቶ ሦስት ሰዓት ብሎ ሞላ። ሥራ ተጀመረ።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ለይላ ነበረች፤ እናቷን ዓቢዳን አስከትላ። ለይላ ዐረብ አገር ለመሄድ በሕጋዊው መንገድ ተመዝግባ፣ ሥልጠናውን ጨርሳ፣ ምርመራውን አልፋ፣ ፓስፖርቷን ይዛ ስትጠብቅ የከረመች ልጅ ናት። የሰፈሯ ልጆች በበረሃ ሲሄዱ «እኔ እንደ ፍየል ተነድቼ አልሄድም» ብላ የቀረች። አሠሪ ተገኝቶላት ውሉ በመመዝገቢያው ገጽ ላይ ወጥቷል። እሷ ገብታ «ተቀብያለሁ» የሚለውን መንካት ብቻ ነው የቀራት፤ ቀነ ገደቡ ደግሞ ዛሬ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ያበቃል። ካልነካችው ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ጋሼ ጁነይድ፣ ዛሬ ነው የመጨረሻው» አለች ገና ከበሩ።

«ይቺን ነው? በአንድ ጠቅታ!» አለ ጁነይድ። «ይቀመጡ እትዬ ዓቢዳ፤ እዚህ ነፋሱ ይሻልዎታል።»

ስልኩን ከኮምፒውተሩ አገናኝቶ ኢንተርኔት አበራና ጠቅ አደረገ። ገጹ አልተከፈተም። ቀይ ምልክት ወጣ፤ ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተከተለ፤ ከሥሩም ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ጁነይድ ግድግዳውን አየ። የእጅ ሰዓቱን አየ። ማሽኑን አየ። ሦስቱም አንድ ናቸው።

«ውሸታም» አለው ብራውዘሩን።

ሌላ ገጽ ሞከረ፤ ያው። ኢሜይል ሞከረ፤ ያው። አጥፍቶ አበራ፤ ቀኑን እንደገና ሞላው፤ እንዳይሳሳት ብሎም በጥንቃቄ 2017 መሆኑን አረጋገጠ። በመጨረሻ ወልድያ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛው ሃፍቶም ጋ ደወለ።

«ሃፍቶም፣ ብራውዘሬ አበደብኝ።»

«ምን አለህ?»

«ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይለኛል። ይቀባጥራል።»

«ሰዓቱን አየኸው?»

«ከግድግዳው ጋር አስተያየሁት እኮ! አንድ ነው።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑንማ ራሴ ነኝ የሞላሁት!»

ባለ ዲፕሎማ ራሴ ሞላሁት ካለ ምን ይባላል? «እንግዲያው ሌላ ብራውዘር ሞክር» አለ ሃፍቶም። «በፍላሽ ሰጥቼህ የለም እንዴ? ባለቀበሮ ምልክቱና ባለአንበሳ ምልክቱ። ላንተ ማሽን ባለቀበሮው ይቀላል። ብቻ ስማኝ፣ አሮጌውን እንዳትነካ! አዲሱ መጀመሪያ የይለፍ ቃሎቹን ከአሮጌው ላይ ይቅዳ።»

«እሺ፣ እሺ። ልታስተምረኝ ነው ደግሞ?»

ዘጋውና ሁለቱን ምልክቶች ጎን ለጎን አወጣ። ዓቢዳ ከወንበሯ ብድግ ብላ አንገቷን አሰገገች።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«መምረጥ አለብኝ እትዬ። ቀበሮው ነው አንበሳው?»

«ኧረ አንበሳው! ቀበሮ ምን ያመጣል? በግ ይበላል እንጂ።»

የመርሳ የቴክኖሎጂ ፖሊሲ በዚህ ተወሰነ። ጁነይድ አንበሳውን መጫን ጀመረ። አንበሳው ግን ቦታ ጠበበኝ አለ፤ ማሽኑ ከዓመት እስከ ዓመት በተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ታጭቋል። ሠርግ አይደመሰስም፤ ባለሠርጎቹ ይጣሉታል። ስለዚህ ጁነይድ የከዳውን ብራውዘር ሊያባርር ተነሣ። አሮጌው ብራውዘር ሲነቀል አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀው፦ የተቀመጠውንም ሁሉ አብሬ ልደምስስ?

ጁነይድ አልፈራም። በሱ ሳይንስ የይለፍ ቃል የሚኖረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ብራውዘር መስኮት ነው፤ መስኮት ቢነቀል የቤት ዕቃ አብሮ አይሄድም። ቦታም ይሰፋል። «ደምስስ» አለው።

አንበሳው ገባ። ተከፈተ። ጁነይድ ገጹን ጻፈ። አንበሳውም ቀይ ምልክቱን አወጣና ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል አለው።

እናትየዋ «ኢንሻአላህ ይሆናል» አለች። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ እናትና ልጅ ለሰላት ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ጁነይድ ደግሞ ሃፍቶምን «በአላህ ይሁንብህ፣ ድረስልኝ» ብሎ ለመነው። ሃፍቶም ሱቁን ዘግቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲሪንቃ ላይ ሾፌሩ ሰው እስኪሞላለት እንደ ልማዱ ቆመ፤ ሃፍቶም ወርዶ ቢቆጣም ሾፌሩ «ወንድሜ፣ የቸኮለ ትናንት ሄዷል» አለው።

መርሳ ሲደርስ አልተቀመጠም። ቆሞ የማሽኑን ጥግ አንድ ጊዜ አየና ጁነይድን አየው።

«ይኼ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«2017 ነዋ። አንተ በስንት ነህ?»

«እኔና አንተማ በ2017 ነን። ፈረንጁ ግን 2025 ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው! ገጾቹ የሚያሳዩህ መታወቂያ ዘንድሮ የተሰጠ ነው። አንተ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆመህ ስታየው ገና ያልተሰጠ፣ የሐሰት መታወቂያ ይሆንብሃል። ብራውዘሩ ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የነገረህ።»

ዓመቱንና ወሩን አስተካከለ። ሰዓቱንም በፈረንጁ አደረገው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ኢሜይልና የይለፍ ቃል የሚሞላባቸው ሁለት ባዶ ሣጥኖች ፊታቸው ተገትረው ቆሙ።

«በል ከአሮጌው አምጣው» አለ ሃፍቶም።

ጁነይድ ዲፕሎማውን እንጂ ሃፍቶምን አላየም።

«ነቀልኩት።»

«ቢነቀል ችግር የለም፤ የተቀመጠው...»

«ደምስስ ብዬዋለሁ።»

ሃፍቶም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከበሩ ውጭ የለይላ ድምፅ ተሰማ። ጁነይድ የሃፍቶምን ክንድ ያዘ። «እንዳትነግራቸው። ስሜ ይጠፋል። የአገሩ ሰው አደራ በላ ነው የሚለኝ።»

ለይላ ስትገባ «ሲስተሙ ነው የዘጋሽ» አላት። ከዲፕሎማው ይልቅ ይህን አረፍተ ነገር በደንብ ያውቀዋል። «ግን አንድ መንገድ አለ። ማረጋገጫ ኮድ በስልክ ይልካል።»

ኢሜይሏ የወጣው ግን ከጦርነቱ በፊት ስለሆነ ኮዱ የሚሄደው ወደ ጁነይድ የድሮ ቁጥር ነው። በጦርነቱ ዘመን ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ሲሙም የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጁነይድ አዲስ ቁጥር ሲያወጣ አሮጌውን ከሰዉ ሁሉ ኢሜይል ላይ መቀየር ነበረበት። አልቀየረውም። ብራውዘሩ ያውቃል ብሎ ነዋ!

ደወሉ። ከጀርባው ፍየል የሚጮህበት አንድ ወንድ አነሣ። ለይላ ናት ያናገረችው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ አሁን ስልክህ ላይ አንድ ቁጥር ይገባል፤ እሱን እንድታነብልኝ...»

«ኮድ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ፣ እሱን ነው፤ አላህ ይስጥህ።»

«እናንተ ሌቦች አታርፉም? ትናንት ሎተሪ ደረሰህ በወንድ፣ ዛሬ ደግሞ በሴት!»

«ወላሂ ሌባ አይደለሁም። ዛሬ ካልገባሁ...»

«ያልማለ ሌባ አይቼ አላውቅም። ኮድ ለማንም አትስጡ ተብለናል!»

ተዘጋ። ደግመው ቢደውሉ አያነሣም፤ በሃፍቶም ስልክ ቢደውሉ ሰድቦ ዘጋው። ሰውዬውን ማን ይወቅሰዋል? በዚህ አገር የተነገረውን ምክር ሰምቶ የፈጸመ አንድ ዜጋ ተገኘ፤ እሱም ለይላ ላይ ዋለ።

ለይላ አሠሪውን ላገኘላት ኤጀንሲ ደወለች። «በሲስተም ብቻ ነው እህቴ» አሏት። የሥራ መውጫ ሰዓት ደረሰና አለፈ። ለይላ ነጠላዋን አስተካክላ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ አልሐምዱሊላህ አልነበረም። እናትና ልጅ ወጡ።

«ስማኝ» አለ ሃፍቶም። «ይኼ ውል አለፈ። ግን አዲስ ኢሜይል አውጥታ እንደገና መመዝገብ ትችላለች፤ ሥልጠናዋ አለ፣ ፓስፖርቷ አለ። ብቻ እውነቱን ንገራት። ሲስተሙ ዘጋኝ ብላ ካመነች ሁለተኛ አይቀበለኝም ብላ ነው ተስፋ የምትቆርጠው።»

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬ።»

«ነገ እነግራታለሁ አልኩህ እኮ!»

ነገ መጣ። ጁነይድ አልሄደም። ዓርብ ከመስጊድ ስትወጣ ዓቢዳን አያት፤ ወደ ሻይ ቤት ታጠፈ። የተማረ ሰው ስሙን የሚጠብቀው እንዲህ ነው፤ ስሙ እንዳይቆሽሽ ሌላውን ያቆሽሻል። ለይላም የተዘጋ በር ደጋግማ የምታንኳኳ ልጅ አልነበረችም። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ የሚያሳይ ደላላ ሞልቷል፤ ሲስተም አይጠይቅም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ቀንም አይሳሳትም። አንድ ማለዳ ከአምስት የሰፈሯ ልጆች ጋር በሐራ በኩል ወረደች። ከዚያ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕሩ።

ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደውላ ነበር። «እማ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ዱዓ አድርጊልኝ» ብላ። የነገውን ነገር ከሰጠመው ጀልባ የተረፈ የመርሳ ልጅ ነው በኋላ የተናገረው። ሬሳዋ አልተገኘም።

ለቅሶው ላይ ጁነይድ ሄደ፤ አለመሄድ አይቻልም። ድንኳኑ ሞልቷል። ሃፍቶምም ከወልድያ መጥቶ ከዳር ተቀምጧል። ቁርአን ተቀርቶ ሲያበቃ ሸህ አብዱልሐሊም የተባሉ ሽማግሌ ወደ ጁነይድ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ጋ ነበር ጉዳይዋ አሉ። በደህናው መንገድ ልትሄድ አልነበረም እንዴ? ምን አገኘው?»

ሃፍቶም ቀና አለ። ጁነይድ አየው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የይለፍ ቃሉን እሱ ጋ ያስቀመጠ ነው፤ የእያንዳንዱም ቃል ተደምስሷል፤ አንዱም ገና አላወቀም።

«ሲስተም ነው፣ ሸሁ» አለ ጁነይድ። «ሲስተሙ ዘጋባት።»

ሃፍቶም ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

«እሱስ ምን ያድርግ!» አለች ዓቢዳ፣ ለቅሶ ባሰለለው ድምፅዋ። «ቀኑን ሙሉ ለፋላት እኮ። ምሳውን እንኳ አልበላም። አይቼዋለሁ። የልጄን ጉዳይ እንደ እኅቱ ነው የያዘላት፤ አላህ ይስጠው፣ አላህ ልጆቹን ያሳድግለት፣ ክፉ አያሳየው።»

ድንኳኑ «አሚን» አለ።

ጁነይድም «አሚን» አለ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ።