የማይሞረድ ቫልቭ

ከጭሮ እስከ ቦርደዴ የወፍጮ ሞተር ሲቆም የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ሥነ ሕይወትን ግን ልጆቼ ከጣሉት የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻዬን ተምሬአለሁ። መሰላ ከተማ አንድ መምህር ስለ ህዋስ ሲሳሳት ተማሪዎቹ ፊት አርሜዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። እኔም አልናፈቀኝም።

የልጄ ባል ከመምህሩም ይብሳል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤታቸው ሚኤሶ ነው። ትልቋ ልጃቸው ጉሮሮዋን ሲያማት ከርሞ ሕመሙ ልቧን ነካው፤ ሐኪሙም በየወሩ መርፌ አዘዘላት። ያኔ ለቤተሰቡ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፦ «ልብም እንደ ሞተር ቫልቭ አለው» አልኳቸው። ለብልህ ሰው ጥሩ ምሳሌ ነበር።

መርፌው ከቆመ ሁለት ወር እንዳለፈው ልጄ ስትነግረኝ በማግስቱ ሚኤሶ ወረድኩ። አባትየው ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ደጃፉ ላይ ጎማ ይፈታል።

«መርፌውን ማን አስቆመው?»

«እኔ። ወላሂ ልጅቷ ደህና ነች፣ ትሮጣለች። የማይጮህ ሞተር ጋራዥ ይገባል እንዴ አባባ? ቫልቩ ከተበላም ይሞረዳል። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

ሾፌሮቹ ሳቁ።

«አንተ ደንቆሮ! የመኪናህ ቫልቭ ብረት ነው፤ የልጅህ ቫልቭ ግን ሕይወት አለው። ላዩን የሚሸፍኑ ህዋሳት አሉ፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ሸማኔ ክር የሚሠሩ። የጉሮሮው ጀርም በተመለሰ ቁጥር የገዛ ደሟ ወታደሮች ቫልቩን ጠላት መስሏቸው ይወጉታል። ሸማኔዎቹ ቁስሉን ለመድፈን ክር ይደራርባሉ። ይወፍራል፣ ይደርቃል፣ አልዘጋም ይላል። መርፌው ጀርሙን እንዳይመለስ ይከለክለዋል። ጩኸት ከጠበቅህ ልጅህን ትቀብራለህ!»

መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው። «ታዲያ ለምን ቫልቭ አሉት?»

ሁሉም እኔን አዩ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

ይህን ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ልጅቷን ሊጠራ ገባ።

በዚያ ቀን ይህን ሁሉ ሠራሁ፦ ልጅቷን ጤና ጣቢያ አደረስኩ፤ ወረፋ ሊቀማን የሞከረ ነጋዴ አባረርኩ፤ ነርሷ ያመለጠውን መርፌ ስትወጋት የልጅቷን እጅ ያዝኩ፤ የሚቀጥለውን የመርፌ ቀን ከአባቷ መኪና መሪ ፊት በማይለቅ ቀለም ጻፍኩ፤ መኪናዬን አበላሹብኝ ብሎ ሲጮህብኝም አላጠፋሁለትም።