ጋራዥ ያደረችው መኪና

የልጄ መኪና ሌሊቱ ከበረደ ጠዋት አትነሳም። ልጄ ሆስፒታል ፅዳት ነው የምትሠራው፤ አንዴ ደግማ ካረፈደች እንደሚያባርሯት ነግረዋታል።

መኪናዋን የሸጠላት ነጋዴ «የማስነሻ ሞተሪኖዋን ቀይሬላታለሁ፣ ድናለች» አለ፣ በቀትር አስነስቶ እያሳየን።

«በፀሐይማ ማንም ያስነሳታል» አልኩት። «እዚሁ ጋራዥህ ትደርና ጠዋት በብርዱ ፊታችን አስነሳት።»

እንደነጋ ከሰፈራችን ከሽኩና ዳሌት በአውቶቡስ ደረስን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን ገና ሲነካው ተነሳች።

«አሁንስ አመንሽ፣ ሳቭታ?» ይለኛል በዕብራይስጥ፣ አያቱ የሆንኩ ይመስል።

ልጄ አፍራ ክንዴን ያዘችኝ። «እማዬ፣ በቃ፣ አታዋርጂኝ። እንሂድ።»

እኔ ግን አንገት መድፋት አልለመድኩም። መዳፌን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፍኩ። ሌሊቱን ብርድ ላይ አደረች የተባለችው መኪና እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ታቃጥላለች።