ውሃዎ በር ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ሁለት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ጣለኝ። የምኖረው ዓለም ባንክ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳ ይዤ በሬን ስከፍት፣ ባዶውን ደጅ ትቼው የነበረው ጄሪካኔ ሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ አገኘሁት። ለካ ውሃ መጥቶ ነበር። አንድ ደግ ጎረቤት ቀድቶልኛል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አላንኳኳም። ሌላ ሰው ቢሆን መርቆ ያስገባው ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ያዘኝና ሳላነሣው ቆሜ ቀረሁ።

የፈራሁበትን ምክንያት ለማስረዳት አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወዳደግኩበት ሰፈር ወደ ቀራንዮ መመለስ ይኖርብኛል። አስተማሪ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። የምተርከው አንዲት ጎረቤታችን በደጋግ ሰዎች መካከል ሊሞቱ ስለተቃረቡባቸው ሦስት ቀናት ነው።

እትዬ አልታዬ ከእኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ይኖሩ ነበር። ከጋሞ በወጣትነታቸው የመጡ፣ ኮልፌ ገበያ ፈትል የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሸማኔው ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው አርባ ምንጭ አግብታለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳንድ ቀን ይጠሩኝና የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ያበሉኝ ነበር። ዳጣው አፍንጫዬን ሲያቃጥለው ይስቁብኛል። መደርደሪያ ላይ ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ ከእንቅልፍ በቀር አያጠፏትም። «ቤቱ ሰው ሰው ይሽተት ብዬ ነው» ይሉ ነበር።

ጊዜው መጋቢት ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በዚያ ወር አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ ግራጫ ይሆናል። ከቧንቧችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያለን የሰፈሩ ቦኖ ብቻ ነው። እሱም የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የሚወርደውም ቀጭን ክር ነው። ስለዚህ ወረፋው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለነገ፣ ለተነገ ወዲያም ይተላለፋል።

እዚህ ላይ ስለ ወረፋችን ማስረዳት አለብኝ። የሚሰለፈው ሰው አልነበረም፤ ጄሪካን ነበር። ሁሉም ምልክት አለው። የእኛ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ የእትዬ አልታዬ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። እዚያ የተገኘ ሰው የራሱን ሲያስጠጋ የሌሉትንም በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ማንም ተራውን አያጣም፤ በዚህ እንኮራ ነበር። ደግ ልማድ ነው፤ ዛሬም ደግ ነው እላለሁ። ነገር ግን ጄሪካኑ ወደፊት እስከሄደ ድረስ ባለቤቱ የት እንዳለ የሚጠይቅ አልነበረም።

እትዬ አልታዬ ጄሪካናቸውን ወረፋ ያስያዙት እሑድ ከሰዓት ነው። ያን ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ነበሩ። ሰኞ እኔ ስደርስ ቀይ ጨርቁ ስምንት ያህል ጄሪካን አልፎ ወደፊት ተጠግቷል። ቦኖ ጠባቂው ጋሽ ተካ በውሃ ጎማው ጫፍ እያመለከቱ ጠየቁ።

«ይኼ ባለ ጨርቁ የማን ነው?»

«የእትዬ አልታዬ ነው» አልኩ።

«እሳቸውስ?»

«ቤት ናቸው፤ ሬዲዮው እያወራ ነው።»

«ታድለው። ጄሪካናቸውን ለወረፋ ልከው ዜና ይሰማሉ።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴት፣ «ዛሬ ገበያም አልወጡ» አለች። ሌላዋ፣ «ሽሮ ሜዳ ፈትል ሊያስረክቡ ሄደው ይሆናላ» አለቻት። አንዳንዳችን ቤት ናቸው አልን፣ አንዳንዳችን ሽሮ ሜዳ ሄደዋል አልን። ሁለቱ መልስ እንደማይገጥም ልብ ያለ አልነበረም። ጋሽ ተካ ቀይ ጨርቁን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

ማክሰኞ ተራቸው ደረሰ። እኔው ቀዳሁላቸው፣ እኔው ተሸከምኩላቸው። በራቸው ላይ ጓጉንቸሩ ከውጭ አልተንጠለጠለም፤ ቤት አሉ ማለት ነው። ባትሪው እየደከመ ነው መሰለኝ፣ የሬዲዮው ድምፅ ጎርንኗል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ከሱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ጨርቅ መሬት ላይ እንደሚጎተት ያለ። ሰምቼዋለሁ። ድመት ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ። በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ።

«እትዬ፣ ውሃዎ በር ላይ ነው» ብዬ የደጃፋቸው ድንጋይ ላይ አሳረፍኩትና ሄድኩ። ለእናቴ ስነግራት፣ «ተባረኪ» አለችኝ። ያን ማታ ራሴን ወድጄ ተኛሁ።

ረቡዕ ከፈተና ስመለስ ጄሪካኑ እዚያው ነበር። ክዳኑ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። በዚያ ወር በሰፈራችን ሙሉ ጄሪካን ደጅ የሚያሳድር ሰው የለም። ሬዲዮው ደግሞ ዝም ብሏል። መንገዱ ላይ ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ሰውም የለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ ሳንኳኳ ከታች፣ ከጫማዬ አጠገብ፣ ጥፍር የበሩን ሳንቃ ቧጠጠ።

እንዴት ቦኖው ድረስ እንደሮጥኩ አላስታውስም። ጋሽ ተካ ዲጂኖ ይዘው መጡና መወርወሪያውን ነቀሉት። በሩ ግን ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ቆመ።

«አትግፊ» አሉኝ። «ከኋላው ሰው አለ።»

እትዬ አልታዬ እሑድ ማታ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከአልጋቸው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ያችን በክንዳቸው እየተሳቡ ለማለፍ ሦስት ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሲወድቁ የውሃ ጆጋቸው የጥጥ ቅርጫታቸው ላይ ተደፍቶ ነበር። ያንን ርጥብ ጥጥ እየመጠጡ ቆይተዋል። ስናገኛቸውም አፋቸው ውስጥ ነጭ ጥጥ ነበረ፤ ለሬሳ የሚደረገውን ስለማውቅ ሞተዋል ብዬ ጮህኩ። ዓይናቸውን ከፈቱ።

በሳምንቱ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«ሰማሁሽ እኮ» አሉኝ። «ጄሪካኑ ድንጋዩን ሲነካ ሰማሁ። ጠራሁሽ። ያቺ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ሆና በላዬ ታወራለች።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ምን አጠፋሽ? ውሃ አመጣሽ። ጥማቱን እንኳ ቻልኩት። ስትመለሺ እያንጎራጎርሽ ነበር። ድምፅሽ እየራቀ ሲሄድ ነው ያለቀስኩት።»

ያን ዕለት ከነገሩኝ ሁሉ ይህን ነው መርሳት ያልቻልኩት። በእነዚያ ቀናት ጄሪካናቸውን ስንቶቻችን በእግራችን ነካነው። ሁላችንም እንወዳቸው ነበር። ክፋት ቢኖር ኖሮ ለማስረዳት ይቀለኝ ነበር፤ ክፉውን ሰው አሳይቼ አልፋለሁ። አልነበረም። የሚያስፈልጋቸውን ነገር አደረስንላቸው፤ ድምፃቸውን መስማት ግን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ አልመሰለንም። ተማሪዎቼን፣ «እንዴት አደራችሁ ካላችሁ መልሱን ጠብቁ» የምላቸው ለዚህ ነው። ይስቁብኛል። እኔም ብሆን ማስተማሩን ይዤ ማድረጉን ትቼው ነበር።

እትዬ አልታዬ አሁን አርባ ምንጭ፣ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ከበሽታዬ የተነሣሁበት ዕለት ከሰዓት ደወልኩላቸው። እሳቸው ስልክ ሲያነሡ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።»

«መታመምሽን ማን ያውቃል?»

ፊት ለፊቴ ያለውን በር አሰብኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከሰዎቹ ጋር በራስ ንቅናቄ ሰላም ስባባል ከርሜ ስማቸውን አላውቅም። «ማንም» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ተነሽ። የማንንም በር አንኳኪ። ስልኩን እንዳትዘጊው፤ ልስማ።»

እግሬ ገና አልጠናም፤ ወጣሁና ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። ቆየ። ደግሜ አንኳኳሁ። ፎጣ ራሷ ላይ የጠመጠመች ልጅ ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

የማመጣላትም፣ የምወስድባትም ነገር አልነበረኝም። ስሜን ነገርኳት።