ፈጥኖ ደራሽን የመዘነችው እህት

ሰፈርተኛው «መዛኟ» ነበር የሚላት። ሥራዋ ያልገባቸው ጎረቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከረጢት ተሸክመው ደጇ ላይ ይቆሙና «እስቲ በሞቴ፣ ይቺን ሚዛን ላይ አውጪልኝ» ይሏት ነበር። እሷም የምትመዝነው እህል እንዳልሆነ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተክል እንደሆነ፣ እሱንም ቢሆን በኪሎ ሳይሆን በጠባዩ እንደሆነ ስታስረዳ ስታስረዳ ቆየች። በኋላ ሰለቻትና «ሚዛኑ ተሰብሯል» ማለት ጀመረች። ይሄኛው ለሁሉም ገባው።

ሥራው እንዲህ ነው። ባዕድ ተክል በብዙ መንገድ ይመጣል። ሰው ለአበባው ብሎ ያመጣዋል፣ ለጥላው ብሎ ያመጣዋል፣ ወይም ሳያውቅ በጫማው ጭቃ ይዞት ይገባል። አብዛኛው ምስኪን ነው፤ የተተከለበት ኖሮ የተተከለበት ይሞታል። አንዳንዱ ግን በእንግድነት ገብቶ ባለቤቱን ያስወጣል። የቱ የቱ እንደሆነ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አስቀድሞ መለየት ነው የእነ መዛኟ ድርሻ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና ሰብሳቢው ጥያቄ ያነባል። ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል ወይ? ቁራጩ መሬት ሲነካ ሥር ይሰዳል ወይ? ከብት ቢበላው ይታመማል ወይ? መልሱ ከሦስት አይዘልም፤ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አይታወቅም»። «አዎ» የበዛበት ይከለከላል። «አይታወቅም» የበዛበት ደግሞ «ይጠና» ተብሎ ይቀመጣል። የሚያጠናው ሰው ስለሌለ፣ ይጠና የተባለ ተክል እንደ ልቡ ያድጋል።

ስትጀምር እንዲህ አልነበረችም። ልጅ እግር ሳለች «አዎ» ስትል ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ የኩሬ አበባ አስከለከለች። ባለኩሬው ቤቷ ድረስ መጥቶ «የአበባ ጠላት» ብሎ ሰድቧት ሄደ፤ አበባውም የሚነቅለው ጠፍቶ ኩሬውን ደፍኖት አረፈ። ሌላ ጊዜ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ አስከለከለች። ክልከላው ፊርማ ሲጠብቅ ቁጥቋጦው ግጦሹን ጨርሶ መንገድ ተሻገረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጉልበቷና ልቧ አብረው ዛሉ። «አዎ» ያለ ሰው ማስረዳት አለበት፤ ከሻጭ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከአለቃ ጋር መነታረክ አለበት። «አይታወቅም» ያለ ሰው ግን ሻዩን ጠጥቶ ይነሳል። እሷም ከጊዜ ብዛት ሻይዋን እየጠጣች መነሳት ለመደች።

ከጎኗ የሚቀመጠው አፈር መርማሪው ሽማግሌ ነገር ወዳድ ነውና ይህን አላለፈውም። ስትገባ «እትዬ እንጃ መጡ» ይላል።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?»

«እኔማ የአፈር ሰው ነኝ። አፈር ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያበቅላል እንጂ አይመርጥም።»

ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ሁለት ጊዜ «ይጠና» ተብሎ ያለፈ አንድ ሐረግ ነበር። የመጽሐፍ ስሙ ለአፍ አይመችም። ቅጠለ ሰፊ፣ አበባው ቢጫ ነው፤ ዛሬ ቢተክሉት ዝናቡ ሳያባራ አጥሩን ለብሶ ጣሪያ ስለሚይዝ ገበያተኛው ፈጥኖ ደራሽ አለው። ከተማው ውስጥ ያለው በሙሉ የወጣው ከአንድ ግቢ ነው፤ ከመዛኟ ታላቅ እህት የችግኝ ግቢ።

እናታቸው ስትሞት ታላቅየዋ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ታናሿን አዝላ ውሃ እየቀዳች፣ የሰው ልብስ ወንዝ ወርዳ እያጠበች ነው ያሳደገቻት። ትምህርት ቤት አስገባቻት፤ እሷ ግን የትምህርት ቤቱን አጥር እንጂ ውስጡን አላየችም። ትዳር ይዛ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ብቻዋን ስትቀር ከመንገድ ዳር ያለችውን ግቢዋን በጣሳና በፕላስቲክ ከረጢት ችግኝ ሞላችው። ጽጌረዳው ተባይ መታው። ሎሚው በድርቅ አሳፈራት። አንዲት መንገደኛ የሰጠቻት የሐረግ ቁራጭ ብቻ አንድ ቀን አላሳፈራትም። ገዢ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው እሱን ብሎ ነው፤ ጽጌረዳውን የሚወስደው እግረ መንገዱን ነው። መዛኟ ይህን ታውቃለች። ሁለቱንም ጊዜ «አይታወቅም» ያስባላት ይኸው እንደሆነ ልቧ ያውቀዋል፤ አፏ ግን «መጽሐፉ ላይ የለም» እያለ ያባብላት ነበር።

ዘንድሮ ከወንዙ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ውሃ ጠፋብን ብለው አቤት አሉ። ሐረጉ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመዘን ሆነ። ሰብሳቢው ከትምህርት ገና የመጣ ጨዋ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ከመቀመጣችን በፊት ወርደው ቢያዩት» አላት። «እኛ እስከ ዛሬ ቁጭ ብለን ነው የመዘንነው።»

ወረደች። ቁልቁለቱ ጉልበቷን ፈጀው። ታች ስትደርስ የገበሬዎቹ የመስኖ ቦይ ጠባቂ ከወገቡ በታች ረጥቦ፣ መጥረቢያ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ወንዙ ዳር ቆመው የነበሩ ዛፎች የሉም፤ ያለው አንድ ረጅም አረንጓዴ ክምር ነው። ሐረጉ ዛፎቹን አልብሶ፣ ብርሃን ከልክሎ፣ አድርቆ ጥሏቸዋል። የወደቁት ግንዶች ውሃውን ዘግተው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረውታል፤ ቦዩ ውስጥ የቀረው ጭቃ ነው።

«መጀመሪያ ሲመጣማ ደስ ብሎኝ ነበር» አላት ጠባቂው። «የመንግሥት ችግኝ መስሎኝ በጣሳ አጠጣሁት።»

«አጠጣኸው?»

«ምን ማጠጣት ብቻ፣ ፍየል እንዳይበላው አጥር ሠራሁለት እንጂ። ፍየሏ ለካ እንኳን ልትበላው፣ አሽትታው ነው ጥላው የሄደችው።» ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ደከመበት። «አሁን እየቆረጥን ውሃ ላይ ስንጥለው፣ ቁራጩ ማዶ ሄዶ ይበቅላል። ማን ነው ያመጣብን እባክዎ?»

«ብታገኘው ምን ትለዋለህ?»

«ምን እለዋለሁ። መጥረቢያውን አቀብለውና ትንሽ አርፋለሁ።»

መዛኟ ክምሩን እያየች ነበር። ከግንዶቹ አንዱን በጉብታው አወቀችው። ታላቅየዋ የሰው ልብስ እያጠበች የምታሰጣው እዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከሥሩ፣ ከእርጥብ አንሶላ በሚንጠባጠበው ውሃ ፊቷ እየራሰ ትተኛ ነበር። ሳሙናው እስከ አሁን የሸተታት መሰላት። ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ጠጠር ገብቶበት ነው አለች ለጠባቂው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እህቷ ሄደች። ታላቅየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከረጢት በአፈር እየሞላች ነበር።

«ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» አለቻት ቀና ሳትል።

«ወንዝ ወርጄ ነበር።»

አፈር የያዘው እጅ ቆም አለ። «ለሐረጉ?»

«ለሐረጉ።»

«ሁለት ጊዜ አልፏል አላልሽኝም?»

«ሳናየው ነው ያለፈው እታለም። ያ ልብስ የምታሰጪበት ዛፍ ወድቋል።»

«ዛፍ ያረጃል።»

«አላረጀም። ታንቆ ነው።»

ታላቅየዋ ከረጢቱን ጠቅጥቃ ከሌሎቹ ጎን አቆመችው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። ወንዙን የቆሻሻ መጣያ ያደረገው ማን ነው? እኔ ነኝ? ዛፉን ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው እኔ ነኝ? ሁሉ አለፈና ፍርድ የኔ ግቢ ሲደርስ ተገኘ።»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን ከሆነ ተዪዋ።»

አንዲት ሴት ከመንገድ አንገቷን አስግጋ «ፈጥኖ ደራሽ አለ?» ብላ ጠየቀች። ታላቅየዋ ተነስታ ሁለት ጣሳ አቀበለቻት፣ እንዴት እንደሚተከል ነገረቻት፣ መረቀቻት፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አየሽ? ዛሬ የገባልኝ ገዢ ይቺው ናት» አለች። «አንቺን ያሳደገሽ ወንዝ ነው ወይስ እኔ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው አይታወቅም በይ። ሁለት ጊዜ ያልሽውን ለሦስተኛ ማለት ምን ያቅታል?»

«አሁንማ አየሁት እኮ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚያ። እኔ ላንቺ ስል ስንቱን እያየሁ ጨፍኛለሁ።»

መዛኟ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ታላቅየዋ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ትሸኛት ነበር፤ ያን ቀን አልተነሳችም።

የምዘናው ዕለት መዛኟ ሻይዋን ሳትነካ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ከመጀመራችሁ በፊት» አለች፣ «ይህን ሐረግ የምትሸጠው እህቴ ናት። ያሳደገችኝ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ልጁ ደነገጠ። «ከተማው ሁሉ አይደል የሚሸጠው?»

«ከተማው ሁሉ ከእሷ ነው የወሰደው። ልውጣላችሁ?»

«ከወጡ ሁለት እንቀራለን፤ በሁለት ሰው አይመዘንም። ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።»

አፈር መርማሪው ጨዋታውን ትቶ አያት። «ይተላለፍ እንጂ ታዲያ» አለ ለስለስ ብሎ። «ወይም እንደ ልማዳችን ይጠና እንበለው። በአንድ ዓመት ሰማይ አይደረመስ።»

ደግ ሽማግሌ ነው፤ ለእሷ ብሎ እንደሆነ ገብቷታል። ጥሩ መውጫ ነበር። ደክሟታል፤ ጡረታዋ ደርሷል፤ የሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ነው። የቦዩ ጠባቂ ግን የሚቀጥለውን ዓመትም ያንኑ መጥረቢያ ይዞ እዚያው ድንጋይ ላይ ነው።

«አንብብ ልጄ» አለችው።

«ቁራጩ መሬት ሲነካ ሥር ይሰዳል ወይ?»

«አዎ።»

«ውሃ ይወስደዋል ወይ?»

«አዎ።»

«የሌላውን ተክል ብርሃን ይጋርዳል ወይ?»

«አዎ።» ድምፅዋ እንደ ድሮው ኮሪደር አይደርስም፤ ጠረጴዛውን ለመሻገር ግን በቃው። ከብት ይጎዳል ወይ ሲባል «አይታወቅም» አለች፤ ፍየሏ አሽትታ ተወችው እንጂ በልቶት የታመመ ከብት አላየችምና። ልጁ ገጹን ገለበጠና ቀጣዩን ከማንበቡ በፊት ትንሽ ዘገየ።

«ሰው አውቆ፣ በእጁ ያሰራጨዋል ወይ?»

ታላቅየዋ ጣሳዎቹን ለሴትዮዋ ስታቀብል፣ ስትመርቃትም ታያት። አፈር መርማሪው ጠረጴዛውን እያየ ነበር።

«አዎ» አለች።

ሐረጉ ተከለከለ። ሻጮች ራሳቸው እንዲነቅሉ፣ እምቢ ያለውን ቢሮው እንዲነቅልበት ተወሰነ። መዛኟ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ትስማ ብላ በማግስቱ ማልዳ ወደ እህቷ ብትሄድ፣ ወሬው ቀድሟታል። የግቢው በር በሽቦ ታስሯል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ስታይ ታላቅየዋ ከጣሪያው ላይ የወረደውን ሐረግ በሁለት እጇ ይዛ ትጎትታለች። ጣሳዎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል።

«እታለም፣ ልግባና ላግዝሽ።»

ታላቅየዋ መጎተቷን ቀጠለች።

«እታለም።»

«ሄደሽ መዝኚ» አለች ታላቅየዋ ከውስጥ።

አልሄደችም። በሩ አጠገብ ከተደፋ አሮጌ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሥራ ረፈደባት፤ ተወችው። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ፣ እህቷ ስታቃስት፣ ስታርፍ፣ ደግሞ ስትጎትት ትሰማለች። ፀሐዩ ግድግዳውን አልፎ እግሯ ላይ ሲደርስ የውስጡ ድምፅ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ሽቦው ተፈታና በሩ ገርበብ አለ። ታላቅየዋ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ ወደ እሷ ሳታይ ተመለሰች።

«ያን ጫፍ ያዢ» አለቻት። «ለአንድ ሰው አይሆንም። ዝም ብለሽ ያዢ።»

ያዘች። ግንዱ እንደ ክንድ ወፍሯል። ሁለቱ አሮጊቶች እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጎተቱ።

«እስቲ ይሄንንም ከጥያቄያችሁ ጨምሩት» አለች ታላቅየዋ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ነቃዩን ማን ያበላዋል ብላችሁ ጠይቁ።»

«እንዲህ የሚል ጥያቄ የለንም።»

«ይኑራችኋ።»

«ጡረታ ልወጣ ነው» አለች መዛኟ። «ጽጌረዳውን እንደገና እንጀምራለን። ከረጢት እሞላልሻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ አፈር ስትይዢ ግማሹን ቀሚስሽ ላይ ነው የምታፈሽው። ከልጅነትሽ ጀምሮ።» ፊቷ አልተፈታም፤ ግን ይህን ያህል ተናገረች።

አንድ ላይ ሳቡ። ግንዱ ቀጭ ብሎ ተበጠሰና ሁለቱም በቂጣቸው ተቀመጡ። ታላቅየዋ የተበጠሰበትን አየች፤ ከመሬቱ ላይ ነጭ ጉቶ ቀርቷል።

«ሥሩ ገና ነው» አለች።

ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳችና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዶማዋ አንድ ብቻ ነበርና እሱን ለራሷ ይዛ፣ ለታናሿ ማንኪያ የምታክል የችግኝ መኮትኮቻ ሰጠቻት።