የአባዬ ጂፕ ያለ ገፊ ተነሳች

«ማን ገፋላችሁ?» አለች እማዬ፣ የጂፑን ድምፅ ሰምታ ከቤት ስትወጣ።

ማንም አልገፋም። ዛሬ ጎሬ ግቢያችን ውስጥ የአባዬ ጂፕ በቁልፍ ተነሳች!

በጃንሆይ ጊዜ አባዬ ሲነዳት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ አይሠራም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ተጠርቶ እስከ ቁልቁለቱ ይገፋታል፤ የገፋ ሁሉ ተሳፍሮ መቱ ገበያ ይወርዳል። (እኔ የምገፋ መስዬ ነበር የምሳፈረው።)

ዛሬ ከአንድ መካኒክ ጋር ሞተሪኖዋን ፈትተን ዝገቱን ጠረግን፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ያለቀ ካርቦን ቀየርን። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

«ጋሼ፣ አባትዎ ይቺን ማሠራት አቅቷቸው ነው?» አለኝ መካኒኩ። እኔም ገርሞኝ ነበር።

እማዬ ግን ባዶውን የኋላ ወንበር አየችና፣ «ታዲያ ገፊ ከሌለ ማንን ልትጭኑ ነው?» አለችን።

እናንተስ፣ ገፍታችሁ የተሳፈራችሁባት መኪና የማን ነበረች?