ረዲ ለካርታው ያቀረበው ሐሳብ

የረዲን ሞት የሰማሁት ሱቁን እየጠበቅሁለት ነው። ዱባይ ተራ ጎን ለጎን ነን፤ እሱ ቻርጀር ይሸጣል፣ እኔ ቀበቶ። «ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ በሩ ላይ ወንበር አጋድሞ ሄደ። እኛ ጋ ወንበር ከተጋደመ ጎረቤት ይሸጣል፣ ዋጋ ግን አይነካም። ሚስቱ ሰኪና ስትደውል አንዱን ደንበኛ «እሱ ሲመጣ ተከራከረው» እያልኩት ነበር።

ረዲ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኩ ላይ ያቀረቅር ነበር። ማንም በነፃ የሚያርመው የኢንተርኔት የዓለም ካርታ አለ፤ የሚሠራው እሱ ላይ ነበር። ካርታው ሱቅና መንገድ ያውቃል እንጂ፣ እንደ እኛ ነጋዴው በሸቀጡ ዓይነት የሚሰበሰብበትን ተራ አያውቅም። ተራ እንዲገባ ረዲ ሐሳብ ጽፎ አቀረበ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንም ገብቶ ያርመዋል፤ የሚመልሰው፣ የሚያስማማውና በመጨረሻ ለድምፅ የሚያቀርበው ግን አቅራቢው ነው።

«አንዱ ፈረንጅ ‹ተራ ማለት የገበያ መንገድ ነው› ብሎ አረመልኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ሰርዝበት!»

«ጋሼ ዱባለ፣ የእኔ ብቻ መሰለዎት እንዴ? ሰው እንዲያርመው እኮ ነው ያወጣሁት።»

«ታዲያ ያንተነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ሲጠይቁኝ መመለሱ ላይ። ይልቅ ይንገሩኝ፣ ምን ልበለው?»

«ሕንፃው ሲፈርስ ተራው ከነጋዴው ጋር ተነስቶ ይሄዳል። መንገድ ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል ወይ በለው።»

እየሳቀ ጻፈው። ፈረንጁም ተስማማ። ረዲ ካገዙት ሰዎች ስም መጨረሻ ላይ የእኔን ጨመረበት።

ከሐዘኑ በኋላ ሰኪና ስልኩን አመጣችልኝ። «እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ የቱን እንደምነካ አላውቅም» አለችኝ። ስልኩ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ አነበብኩት። አቅራቢው ዝም ስላለ፣ የሚረከብ ከጠፋ ሐሳቡ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ይላል። ማረፉን ለካርታው ሰዎች ጻፍኩላቸው። ጨዋ ናቸው፤ አጽናኑኝ። ከዚያ፣ በአቅራቢው ቦታ ስሜን አስገብቼ እንድቀጥል ነገሩኝ።

ምሳዬን ብቻዬን እየበላሁ ገጹን እከፍተዋለሁ። አንድ ሰው ያበላሸውን የሰፈር ስም አስተካክያለሁ። ወንበር እንደተጋደመበት ሱቅ፣ ሌላ አልነካሁም።

ሱቁን ሰኪና ከፍታለች፤ ወንበሩንም ከበሩ ላይ አንስታለች። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ በአቅራቢው ቦታ ያለው ግን አሁንም የረዲ ስም ነው። የእኔን አላስገባሁም፤ ሐሳቡም ለድምፅ አልቀረበም።